እሜቴ ትንፋሽ ያጣች ሰሞን

ሌላው ሰው ሚስት ሲያገባ የጥሎሽ መህር ይጠየቃል፣ ዘር ማንዘሩ ይቆጠራል፣ ጠባዩ ይጠናል። እኔ የተጠየቅኩት ወንበር ነው። አዎ፣ የሚቀመጡበት ወንበር። እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ሲገርመኝ ደግሞ እናደዳለሁ፣ ምክንያቱም በዚያ ወንበር ሰበብ ያየሁትን ፍዳ የማውቀው እኔ ጃፋር ብቻ ነኝ።

ፈሪሃን ያወቅኳት በመስኮት ነው። ሪያድ፣ ዑረይጃ ሰፈር የምትሠራበት ቤት እመቤት፣ መዳሟ፣ የመስኮት ብረት አዝዛ፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ፈቃዱ ልንገጥም ሄድን። መሰላል ላይ ወጥቼ ብረቱን እንደያዝኩ፣ አንዲት ልጅ ከውስጥ መጋረጃውን ሰብሰብ አድርጋ አየችኝና፣ «ወንድሜ፣ ተንጋዷል» አለችኝ።

«እህቴ፣ በያጁ እኔ ነኝ» አልኳት በቁጣ።

«በያጁስ አንተ ነህ። ብረቱ ግን ተንጋዷል።»

ውኃ ልኬን አውጥቼ አስደገፍኩበት። ተንጋዷል። በዚያው ልቤም ተንጋዶ ቀረ።

ፈሪሃ ሪያድ ውስጥ ያላት የሥጋ ዘመድ አጎቷ ሐጂ ኑረዲን ብቻ ናቸው። መንፉሐ ውስጥ ቅመም ይሸጣሉ። ሐጂ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዕድሜም፣ በክብርም፣ ከሁሉ በላይ ግን በኪሎ። መንፉሐ ውስጥ ሐጂ ያልሰበሩት ወንበር ካለ፣ ገና ከሱቅ ያልወጣ ወንበር ነው ይባላል። ሽማግሌ ልልክ መሆኔን ሳስነግር መልሳቸው በፈሪሃ በኩል መጣ።

«በያጅ ነኝ ካለ» ብለዋል፣ «የሚሸከመኝ ወንበር ሠርቶ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይዞ ይምጣ። ተቀምጬ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስክጨርስ ከተሸከመኝ ፈቅጃለሁ። ከጣለኝ ግን ስሟን ዳግም እንዳያነሳ።»

ፈሪሃ ደግሞ ከራሷ ጨመረች። «ጃፋር፣ አደራ! እኔ ሳቄን መያዝ አልችልም። አጎቴ ከወደቁ እስቃለሁ። ከሳቅኩ ደግሞ ኸላስ፣ ሁለታችንም አለቀልን።»

እኔ ምን ገዶኝ። የአሥር ሰው ክብደት ያለው ውኃ ታንከር የሚሸከም ቋሚ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ሐጂ ምን ያህል ቢከብዱ? እንዲህ ብዬ ነበር፤ አፌን በቆረጠው።

ወርሻችን፣ ብረት የምንሠራበት ቤት፣ ባዲዓ ሰፈር ነው፤ በአንድ በኩል ፀጉር ቤት፣ በሌላ በኩል ጎማ ቤት። የብየዳ ማሽናችንን «እሜቴ» ብለን ነው የምንጠራት፤ አርጅታለች፣ ታጉረመርማለች፣ ግን ክብሯን ጠብቃ ትሠራለች። በጋዝ ነው የምትበይደው። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ምላጩን ስትስብ ከእጀታው አፍ ቀጭን ሽቦ ይወጣና ይቀልጣል፤ አብሮትም ጋዝ ይነፋል። ጋዙ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልለዋል። ከለላው ከጠፋ ብረቱ አየር ይውጥና ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ላዩን የተበየደ ይመስላል፤ ስትመታው ይለያያል።

ረቡዕ ጠዋት ወፍራሙን ቱቦላሬ ቆርጬ የወንበሩን እግሮች በየድኩ። የፊት መከላከያዬን አንስቼ ሳየው፣ ብየዳው በደንብ እንደ ቦካ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። በመዶሻ ነካ አደረግኩት። አንዱ እግር ተንከባሎ ፈቃዱ ጫማ ላይ አረፈ።

«ደካማ ነው» አለ ፈቃዱ።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

የጋዙን ሲሊንደር አየሁ፤ መለኪያ ሰዓቱ ሙሉ ነው ይላል። በርግጥ ሁለተኛው ሰዓት፣ የሚፈሰውን የሚለካው፣ መርፌው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ምንም ቢሆን «ጥሩ ነው» ነው የሚለው፣ ልክ እንደ ፈቃዱ። የእጀታውን አፍ ጠረግኩ። ሽቦ ቀየርኩ። ብረቱን እስኪያብረቀርቅ ሞረድኩ። ደግሜ በየድኩ፣ ደግሞ ዓይን አወጣ። ጋዙ እየነፋ መሆኑን በጆሮዬ እንዳልሰማ፣ ጎማ ቤቱ ብሎን መፍቻ ያንጓጓል፣ የአየር መጭመቂያችን ይጮሃል፣ ፈቃዱ ደግሞ ድምፁ እንዲጎላለት ስልኩን ባልዲ ውስጥ ከትቶ ዘፈን ያስጮሃል። በዚያ ወርሻ ውስጥ እንኳን ጋዝ፣ ሰው ቢጠራህም አትሰማ።

ከምሳ በፊት ፈቃዱ ባልዲውን ዘግቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ተበልታለች» አለኝ።

«ማን?»

«እሜቴ ናታ! አብይ ነው የበላት። ትናንት ምን እንዳለ ረሳኸው?»

አልረሳሁም። አብይ ዲና የምንላትን ትንሽ የጭነት መኪና የሚነዳ ያገር ልጅ ነው፤ ዕቃችንን የሚያደርስልን እሱ ነው። ትናንት ገብቶ እሜቴን መታ መታ አደረገና፣ «አቦ ይቺ ማሽን! በዚህ ዕድሜዋ እንዴት ነው እንዲህ የምትሠራው?» ብሎ ነበር። ማሻአላህ አላለም። ምራቁንም ቱፍ አላለም። ዝም ብሎ አድንቆ ሄደ።

«ቡዳ ነው» አለ ፈቃዱ።

ይህን ቃል አልወደውም። አያቴ ወሎ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ ሲሰበርባቸው ጌታው ይሉታል፤ ልጅ ሲያማቸው ቡዳ ይሉታል። እሱ በመንገድ ሲያልፍ እናቶች ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። እኔም ከጎኑ ስለምሄድ አብሬ ተሸፍኖብኛል። ስለዚህ ፈቃዱን ተው ልለው ይገባ ነበር። ግን ዓርብ እየመጣ ነው፣ ወንበሩ እግር የለውም፣ ሰው ሲጨንቀው ደግሞ ገደልም ሜዳ ይመስለዋል። ዝም አልኩ።

ፈቃዱ ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ለከፊላችን፣ ለሳዑዲው አሠሪያችን፣ ደወለ። ከፊሉ አላቅማማም። «ዓይን ነው! የታጠበበትን ውኃ ውሰዱና ርጩባት፣ ያላ፣ ኸላስ» ብሎ ዘጋው። አገሩም አገራችንም በዚህ ነገር ተስማምተዋል።

እንግዲህ የሰውን እጣቢ እንዴት ትወስዳለህ? ለእኛ ቀላል ነው። ምሳ ትጋብዘዋለህ፤ እጁን ታስታጥበዋለህ። አብይ ሲመጣ የዶሮ ሩዝ ተገዝቶ፣ ጋዜጣ ተነጥፎ፣ ፈቃዱ በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የብሎን ማጠቢያችንን ሣህን ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል። እንዲህ ጎንበስ ብሎ የማውቀው ሳንቲም ሲወድቅበት ብቻ ነው።

አብይ ዓይኑን አሸት አደረገ። «ምንድነው ይሄ ሁሉ? ቧንቧው እኮ እዚያው ነው።»

«ታጠብ ወንድሜ። እንግዳ አይደለህ?»

«በየቀኑ የምመጣ ሰው ምን እንግዳ ነኝ?»

«ታጠብ እንጂ! በደንብ። ክንድህንም። እስከ ክርንህ ድረስ። ፊትህስ? ፊትህን ጨምርበት።»

አብይ ታጠበ፤ እንደ ሙሽራ ታጠበ። ልቡም ተነካ። «ወላሂ ስደት ከመጣሁ እንዲህ ያከበረኝ ሰው የለም» አለ፤ ክርስቲያን ሆኖ ሲምል በአረብኛ ነው፣ እዚህ አገር ሁላችንም እንደዚያው ነን። «እግዜር ያክብራችሁ። እጃችሁ ይባረክ። ማሽናችሁ ይባረክ።» ከዚያ ተቀምጦ የዶሮውን ሁለቱንም እግር በላ። እኔ የኔንም ሩዝ ወደሱ ገፋሁለት። መረቀን እኮ! በሱ እጣቢ ማሽን ልንረጭ፣ እሱ ማሽናችንን መረቀ።

ፈቃዱ ግን ምርቃት አይገባውም። ሣህኑን ይዞ ተደብቆ ወደ እሜቴ ሄደ። ስመረምራት ስለነበር የጎን ክዳኗ ተከፍቷል። ከሶኬት አልተነቀለችም። «ፈቃዱ፣ ቆ...» አልኩ። «ቆይ» ብዬ ሳልጨርስ ደፋው። ረጨው አላልኩም፤ ደፋው።

ጧ!

ማራገቢያው ቆመ። መጭመቂያው ቆመ። መብራቱ ጠፋ። መስመራችን ከፀጉር ቤቱ ጋር አንድ ነው፤ ወዲያው ጺሙ በአንድ በኩል የተላጨ፣ በሌላው በኩል እንዳለ ያለ ሰውዬ፣ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ በራችን ላይ ቆሞ መጮህ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላው ሆኖ አብሮ ይጮሃል። ፈቃዱ ባዶ ሣህን ታቅፎ ቆሟል።

አብይ ሣህኑን አየ። ከሣህኑ የሚንጠባጠበውን ውኃ አየ። እሜቴን አየ። የዶሮውን አጥንት ጋዜጣው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ያ የኔ እጣቢ አይደለም?» አለ።

ፈቃዱ ሣህኑን ከጀርባው ደበቀ።

«ቡዳ አላችሁኝ?»

ተነሥቶ ወጣና ዲናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዘጋ። እኔ ከመሬት በታች ብገባ በወደድኩ። ልጃቸውን ነጠላ ያለበሱብኝ እናቶች ትዝ አሉኝ፤ አሁን ነጠላውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሀፍረቱ እንዳለ ሆኖ እሜቴ መድረቅ ነበረባት። ነቀልናት። ፀጉር አስተካካዩ መብራት ካልመጣ ደንበኛው አይላጭም አለ፤ እኛ ደግሞ እሜቴ ሳትደርቅ መስመሩን መልሶ ማብራት ፈርተን፣ የፀጉር ማድረቂያውን ተውሰን ከጎማ ቤቱ መስመር ገመድ ሳብን። ባለ ግማሽ ጺሙ ሰውዬ ራሱ ማድረቂያውን ነጥቆ በእሜቴ ሆድ ዙሪያ ያዞረው ጀመር። «ከታች! ከታች አልደረቀም!» እያለ ያዘናል። አንጀቷን እንደ ሙሽራ ፀጉር አፍታታው። እስኪደርቅ ሌላ ሥራ አልነካንም፤ እሜቴም እንዲያው ለዚያ ቀን ተኛች።

ሐሙስ የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐስርን፣ ሰግጄ ስመለስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ጎማ ቤቱ ዝም ብሏል። መጭመቂያው ጠፍቷል። ፈቃዱ ከሀፍረቱ የተነሣ ስልኩን ባልዲ ውስጥ አልከተተውም፤ ወርሻችን እንዲህ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። እሜቴን ብቻዋን አበራሁና ምላጩን ሳብኩ። ሽቦው ወጣ። ጠበቅኩ። ሌላ ምንም።

«ፈቃዱ፣ እሜቴ ስትሳብ መጀመሪያ ምን ነበር የምትለው?»

አሰበ። «ጭክ።»

«ከዚያስ?»

«ሽሽሽ።»

«አሁን ምን ትላለች?»

ምላጩን ደግሜ ሳብኩ። ሁለታችንም ጆሯችንን አቆምን። ጭክም የለ፣ ሽሽሽም የለ። እሜቴ ትንፋሽ የላትም! ጋዙ አልነፋም፤ ከረቡዕ ጀምሮ ብረቱን ራቁቱን ስናቀልጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ ትንፋሹ የት ላይ እንደቀረ መከተል ብቻ ነው። ከሲሊንደሩ የሚመጣውን ጎማ ከእሜቴ ጀርባ ፈታሁት። ፈቃዱ ሊያይ ጎንበስ ሲል ጋዙ ፉሽ ብሎ ኮፍያውን አወለቀው። ስለዚህ ጋዙ እስከ በሯ ይመጣል። ከበሩ ቀጥሎ የአውራ ጣት ያህል ቫልቭ አለ፤ ምላጩ ሲሳብ መብራት ይመጣለትና ውስጡ ያለውን ትንሽ ብረት ስቦ መንገድ ይከፍታል። ጭክ የሚለው እሱ ነው። ከጀርባው ያሉትን ሁለት ሽቦዎች በመልቲሜትር ለካሁ። ፈቃዱ ምላጩን ሲስብ ሃያ አራት ቮልት ይደርሳል፤ ሲለቅ ይጠፋል። መብራቱም ይመጣል፣ ጋዙም ይመጣል። እንግዳው በር ላይ ቆሞ ደወሉን ይደውላል፤ ተኝቶ የቀረው ዘበኛው ነው።

ቫልቩን ፈትቼ ከፈትኩት። ከውስጡ ነጭ ነገር ተጠቅልሎ ወጣ። በጉጠት ሳብኩት፤ ሳብኩት፤ አያልቅም። ቧንቧ የሚታሰርበት ነጭ ቴፕ ነው።

ቀና ብዬ ፈቃዱን አየሁት። እሱ ጣሪያውን ያያል።

ፈቃዱ መጠቅለል ይወዳል። ስልኩን በሁለት ልባስ፣ ዳቦውን በሦስት ላስቲክ ነው የሚይዘው። ባለፈው ሳምንት የጋዙን ጎማ የቀየረው እሱ ነበር። የጋዝ መጋጠሚያ ብረት ለብረት ነው የሚገጥመው፣ ቴፕ አይፈልግም። እሱ ግን ጠቀለለ። ጫፉ ተበጥሶ በጋዙ ተነድቶ ቫልቩ ጉሮሮ ላይ ተወተፈ።

«ለጥንቃቄ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ቡዳው ተገኘ» አልኩት። «ከቤት ነው። አሁን ያንተን እጣቢ ከየት ላምጣ?»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጠርገን እንገጥመው ነበር። ፈቃዱ ግን የሀፍረቱን ሊክስ ካቻቢቴ አንስቶ፣ «ቆይ እኔ አጠራዋለሁ» አለና የቀረውን ቴፕ ጎረጎረው። ቴፑ ወጣ። አብሮትም የቫልቩ ስፕሪንግ ወጣ፣ አብሮትም ማሸጊያው ጎማ ለሁለት ተቀዶ ወጣ። አልጮህኩም። ለመጮህ የሚያስፈልገውን ትንፋሽ እኔም እንደ እሜቴ አጥቼ ነበር።

አዲስ ቫልቭ ያስፈልጋል። የብየዳ ዕቃ መሸጫው ከከተማው ወዲያ ጫፍ ነው፤ ማታ ይዘጋል፣ ዓርብ ጠዋት አይከፈትም። መኪና ያለው ደግሞ የምናውቀው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ረቡዕ ዲናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ከዘጋብን ወዲህ ስልካችንን አያነሣም። ዛሬ ግን ፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ የሌላ ሰው ፍሪጅ ሊጭን ይጠብቃል።

«ዝም ብለን ይቅርታ እንበለው» አለ ፈቃዱ።

«እንደዚያ ላለ ቃል ዝም ተብሎ ይቅርታ አይባልም» አልኩት። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ባዲዓ ውስጥ ግን ድንጋይ ከየት ይገኛል? አስፋልትና አሸዋ ነው። ስለዚህ እኔ ብረት የምንቀጠቅጥበትን መስፍ አንገቴ ላይ አወጣሁ። ለፈቃዱ ከታንከር ቋሚ የተረፈውን ወፍራም የብረት ቁራጭ መረጥኩለት። ጎብጠን ሄደን የዲናው በር ሥር ቆምን።

አብይ በመስታወቱ አየን። መልሶ ፊቱን አዞረ። ፀሐዩ አናታችንን ይለበልበዋል። አንድ መንገደኛ ቆሞ ብረቱ የሚሸጥ ከሆነ ጠየቀን። ባለ ግማሽ ጺሙ ሰውዬ፣ አሁን ሙሉውን ተላጭቶ፣ ከፀጉር ቤት በር ላይ ቆሞ ያየናል። በመጨረሻ መስታወቱ ትንሽ ወረደ።

«አያቴ ቀጥቃጭ ነበር» አልኩት ከመስፉ ሥር። «ይህን ቃል በሱ ላይ ሲሉት እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ፈቃዱ ባንተ ላይ ሲለው ግን ዝም አልኩ። ማፈሬን እወቅልኝ። ይቅር በለኝ።»

አብይ መስፉን አየ። ከዚያ ወደ ፈቃዱ ዞረ።

«ጃፋር ያውርድ» አለ። «ፈቃዱ ትንሽ ይቆይ።»

ፈቃዱ ፍሪጁ ተጭኖ እስኪታሰር ድረስ ቆየ። ከዚያ ሦስታችንም ከፍሪጁ ጋር ሄድን። ስንደርስ ሻጩ መዝጊያውን ግማሽ አውርዶት ነበር፤ አብይ በሥሩ ሾልኮ ገባ። ፈቃዱ ከመደርደሪያው ትልቁን ቫልቭ አንሥቶ «ይሄ ይሻላል፣ ጠንካራ ነው» አለ፤ ለሁለት መቶ ሃያ ቮልት የሚሠራ ነው። እሜቴ በምትሰጠው ሃያ አራት ቮልት ዓይኑንም አይገልጥም። አሮጌውን አሳይቼ ልክ እንደሱ ያለውን፣ ቮልቱም የጎማ መግቢያውም አንድ የሆነውን አስወጣሁ።

ወርሻ ስንመለስ አብይ መጀመሪያ የፈቃዱን ኪስ ፈትሾ የቴፑን ጥቅል ወሰደበት። ሲሊንደሩን ዘግቼ እሜቴን ነቀልኩ። ቫልቩ ላይ የተቀረጸችውን ቀስት አየሁ፤ ጋዙ የሚሄድበትን ታሳያለች፣ ወደ እጀታው አዞርኳት። ሁለቱን ሽቦዎች ሰካሁ፣ ጎማዎቹን አጠበቅኩ፣ ጋዙን ከፍቼ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀባኋቸው። አንድም አረፋ አልተነፋም። እሜቴን ሰካኋት። ሦስታችንም ጎንበስ አልን። ምላጩን ሳብኩ።

ጭክ። ሽሽሽ።

«ማሻአላህ!» ብሎ ጮኸ አብይ። «ማሻአላህ! ማሻአላህ! ሰማችሁኝ? ሦስት ጊዜ ብያለሁ። ነገ ብትበላሽ እኔ የለሁበትም።» ቱፍ ቱፍም አለባት።

ያንኑ ምሽት የድሮውን ብየዳ በሙሉ በግራይንደር ቆርጬ ጥዬ ወንበሩን እንደ አዲስ በየድኩት። ብየዳው ለስላሳ፣ ያለ አንድ ቀዳዳ፣ ተደራርቦ የተኛ ሆነ። በመዶሻ መታሁት፤ መዶሻው ነጠረ። ፈቃዱና አብይ አንድ ላይ ወጥተው ዘለሉበት። እኔ ግን ሐጂን አስብ ነበርና አሁንም አላመንኩትም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መንፉሐ ደረስን። ፈቃዱና አብይ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለቱም ክርስቲያን፣ ሁለቱም የኔ እኩያ፣ ስደት ሽማግሌ አያማርጥም። ወንበሩን እያጋዝን ሐጂ ክፍል ውስጥ አስገባነው። ሐጂ ምንጣፉ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፈሪሃ መዳሟ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ፈቅዳላት መጥታ የሻዩን ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማለች። አየችኝና ከንፈሯን ነከሰች። ከአሁኑ ልትስቅ ነው።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለ ፈቃዱ እንደ ወጉ።

«በምን ትቀመጣላችሁ?» አሉ ሐጂ። «ወንበሩ አንድ ነው፣ እሱም የኔ ነው።»

በሦስታችን ተደግፈው ተነሡ። ወንበሩን ዞሩት። በእጃቸው ነቀነቁት። ቢስሚላህ አሉና ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ራሳቸውን አወረዱ። ፈሪሃ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ፈቃዱ ሲያማትብ አየሁት።

ወንበሩ ድምፅ አላሰማም።

ሐጂ አንዱን እጃቸውን ለቀቁ። ሁለተኛውን ለቀቁ። ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈሪሃ ሻዩን ሰጠቻቸው፤ አንዴ ፉት አሉና ብርጭቆውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

ጠበቅን።

«ሐጂ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል» አለ አብይ።

«ይቀዝቅዝ።»

ጠበቅን። ሽማግሌዎቼ ቆመዋል፤ ፈቃዱ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይለዋውጣል።

«ልጆቼ» አሉ ሐጂ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ምን ይመስላችኋል? ሰውን አይደለም። ወንበርን ነው። ሠርግ ቤት ቆሜ ነው የምበላው። ይቀመጡ ሲሉኝ ወገቤን ያመኛል እላለሁ። ወገቤን አሞኝ አያውቅም። ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ ግድግዳ ተደግፌ ነው። ስወድቅ ሰው እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ፤ ፈሪሃም ትስቃለች፣ አውቃታለሁ።» ፈሪሃ ሻርፗን ከአፏ አወረደች። መሳቁ ጠፍቶባት ነበር። «እግሬን ዘርግቼ፣ ጀርባዬን ጥዬ፣ ሳልፈራ የተቀመጥኩት ዛሬ ነው።»

ወንበር ሲሉኝ የሰጡኝ ፈተና መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልመና ኖሯል። ፈቃዱ ዓይኑን ጠረገ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። «እንግዲህ ሐጂ... ሻዩን...»

«ምን ያስቸኩላል?» አሉ። ከንፈራቸውን ነካ አድርገው ብርጭቆውን መለሱት። ያን ጊዜ ገባኝ። ሻዩ ካለቀ ይነሣሉ። ሊነሡ አልፈለጉም። ሻዩ ካላለቀ ደግሞ መልስ የለም!

ከውጭ የመዳሟ ሹፌር ክላክስ አደረገ። ፀሐዩ ወደ መስኮቱ ሥር ወርዷል። ሐጂ ያንን ብርጭቆ እንደ አደራ ዕቃ ይዘውታል። ፈቃዱ፣ «ሐጂ፣ ሽማግሌ ነን፣ እግራችን...» ሲል ጀመረና ተወው። ሹፌሩ ደግሞ ጮኸ። እኔ እንደ መስፍ ተሸካሚ ጎብጬ ቆሜያለሁ፤ አፌን ከፍቼ ልናገር ብል ሐጂን ከደስታቸው ማስነሣት ነው፣ ዝም ብል ፈሪሃ ጉዳዩ ሳይፈጸም ትሄዳለች።

ፈሪሃ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀጥ ብላ ወደ አጎቷ ሄደች። ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰደች፣ እኛ እያየናት የቀረውን ሻይ እስከ አተላው ጠጣችና ባዶውን ብርጭቆ መልሳ እጃቸው ላይ አስቀመጠች።

«አጎቴ» አለች፣ «ሻይዎ አልቋል።»

ሐጂ ባዶውን ብርጭቆ አዩ። እሷን አዩ። እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ወደ ወንበሩ መደገፊያ ይበልጥ ተደግፈው እጃቸውን በሁለቱም ክንዶቹ ላይ ጨበጥ አደረጉ።

«ልጅቷን ውሰድ» አሉኝ። «ወንበሩን ግን ማንም እንዳይነካብኝ!»